በሁለተኛው መጽሐፍ አዲስ ሰው እንዴት ይገባል?

ጥያቄ፦ አንዲት የመንኮራኩር አዛዥና ወንድሟን ተከትሎ የሚሄድ የጠፈር ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። አሁን ቀጣዩን ክፍል ጀምሬ፣ በጁፒተር ጨረቃ በዩሮፓ ላይ ባለ ጣቢያ ስድስት አዳዲስ ሰዎችን አስገብቻለሁ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን የአንዳቸውንም ስም አያስታውሱም። ምን ላድርግ?
ከጎንደር፣ አዘዞ

መልስ፦ አራቱን ያውጧቸው። አንባቢው የቀድሞዎቹንም ይዞ ስለሚመጣ ሁለት አዲስ ሰው ይበቃል። ለመምረጥ አንድ በአንድ ከረቂቁ ሰርዘው ይዩ፤ ያለ እሱ ታሪኩ እዚያው ከደረሰ ትርፍ ነው።

የሚያደበዝዛቸው አብዛኛውን ጊዜ የተሰጣቸው ሥራ ነው። አዲሱ መሐንዲስ አፉን የሚከፍተው አዛዧን ለመጠየቅና ያለፈውን መጽሐፍ ለማስታወስ ብቻ ከሆነ ማን ያስታውሰዋል? ከአዛዧ ዕቅድ ጋር የሚጋጭ የራሱ ጉዳይ ይኑረው። በዩሮፓ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ነው። አዛዧ ለመነሳት የምትፈልገውን ኃይል እሱ ጣቢያውን ለማሞቅ ከፈለገው፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ይጣላሉ። ክፉ ሰው መፍጠር አያስፈልግዎትም።

ርቀቱንም ይጠቀሙበት። የሬዲዮ መልእክት ከምድር ጁፒተር ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ33 እስከ 54 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል ማለት ነው። ከጣቢያው አየር ማፈትለክ ሲጀምር ሁለተኛዋ አዲስ ሰው፣ የሬዲዮ ሠራተኛዋ፣ ከምድር ትእዛዝ መጠበቅ አትችልም፤ የትኛው በር እንደሚዘጋ፣ ማን ከበሩ ወዲያ እንደሚቀር ብቻዋን ትወስናለች። ይህ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ ከመጣ ስሟ አይረሳም። ብዙ ጀማሪዎች ግን ከምድር ጋር እንደ ስልክ ያነጋግሯትና ውሳኔውን ይቀሟታል።

አነጋገራቸውን በአጠራር ይለዩ። ጎንደር ላይ «አንቱ» ለማን እንደሚባል ያውቁታል። ሽማግሌው መሐንዲስ ወጣቷን አዛዥ «አንቺ» ሲላት ቆይቶ አንድ ቀን በሠራተኞቹ ፊት «እርስዎ» ካላት ሥልጣኗን ተቀብሏል፤ ማብራሪያ አይጨምሩበት። ሲቆጣ ወደ «አንቺ» ቢመለስ ደግሞ የበለጠ ይናገራል።

አዲሶቹ ሰዎች ሲገቡ መልካቸውንና የትውልድ ታሪካቸውን አይዘርዝሩ፤ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ያስገቧቸው።

ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ሳያልፉ፣ አዛዧ የሌለችበት የሁለት ገጽ ትዕይንት ለሁለቱ አዲስ ሰዎች ብቻ ይጻፉ። ስለ እሷ ሳያወሩ ገጹን መሙላት ካቃታቸው ገና አልተሠሩምና ወደ ጉዳያቸው ይመለሱ።