ከድሉ በኋላ ያለውን ምዕራፍ ጻፉት

ልጆቼ፣

በሥነ አእምሮ ሕክምና ያረጀሁ መሆኔን ስለምታውቁ «ትራውማውን (መከራ በአእምሮ ላይ የሚተወውን ቁስል) በትክክል ጽፌዋለሁ ወይ?» እያላችሁ የፋንታሲና የሳይንስ ልብወለድ ረቂቃችሁን ታስነብቡኛላችሁ። ደስ ይለኛል፤ ከሙያዬ መጻሕፍት ቀጥሎ አብዝቼ ያነበብኩት ይህንኑ ነውና። ነገር ግን ብዙው ረቂቅ አንድ መንገድ ይሄዳል። መንደር ይቃጠላል፣ አንድ ልጅ ይተርፋል፣ ሰይፍ ይማራል፣ ጠላቱን ይገድላል፣ በመጨረሻው ገጽ አንዴ አልቅሶ ይድናል። ቁስሉ ልጁን ከቤት ማስወጫ ሰበብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ያደረገውን ተመልከቱ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 በፈረንሳይ በሶም ውጊያ የመገናኛ መኮንን ሆኖ የዘመተና በምሽግ ትኩሳት ታሞ የተመለሰ ሰው ነው። የ«ቀለበቶቹ ጌታ» የመጨረሻ ቅጽ የወጣው በ1955 ነው። እዚያ ላይ ክፉው ቀለበት ጠፍቶ፣ ጠላት ድል ሆኖ፣ ቀለበቱን ተሸክሞ የተጓዘው ፍሮዶ አገሩ ይገባል። ታሪኩ ግን አያልቅም። በጩቤ የተወጋበት ቀን ዞሮ ሲመጣ ያመዋል። ሸረሪቷ የነደፈችው ቀን ሲደርስም አንድ ገበሬ አልጋው ላይ ወድቆ ያገኘዋል፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ነጭ ዕንቁ ጨብጦ በቁሙ እንደሚያልም ሰው ስለጠፋው ነገር ይናገራል። ባልንጀራው ሳም ያን ጊዜ ዛፍ ሊተክል ርቆ ሄዷል። ሲመለስ ፍሮዶ ምንም አይነግረውም።

ያችን ዝምታ ልብ በሉልኝ። ታካሚው «ደህና ነኝ» ይላል፤ «ይህ ወር በመጣ ቁጥር እንዲህ ይሆናል» የምትለው አብራው የመጣችው ሚስቱ ናት። ሙት ዓመት ለምናወጣ ሕዝብ ቀኑ ራሱ እንደሚያም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሜሪካዊው ደራሲ ከርት ቮኔጋት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ፣ በፌብሩዋሪ 1945 የጀርመን ከተማ ድሬስደን በቦምብ ስትጋይ በአንድ ቄራ ምድር ቤት ተጠልሎ የተረፈ፣ ከዚያም ሬሳ ሲያወጣ የሰነበተ ሰው ነው። ከዚህ የወጣው ልብወለድ «ስሎተርሃውስ ፋይቭ» በ1969 ታተመ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ዋናው ገጸ ባሕሪ ቢሊ ፒልግሪም በጊዜ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መንሸራተቱንና የሌላ ዓለም ፍጡራን መጥለፋቸውን ነው። እኔ የማልረሳው ግን የድግሱን ቦታ ነው። ቢሊ የዓይን መነጽር ባለሙያ ሆኖ፣ ሀብት አፍርቶ፣ የጋብቻ በዓሉን ሲያከብር አራት የሙያ ባልደረቦቹ በኅብረት ይዘፍናሉ። ፊቱ በአንዴ ይለዋወጣል፤ ልቡን ያመመው ይመስላል። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ፎቅ ወጥቶ አልጋው ላይ ጋደም ካለ በኋላ ነው የሚገባው፤ ከቦምቡ ማግስት አራት የጀርመን ጠባቂዎች የከተማዋን ፍርስራሽ እያዩ አፋቸውን ከፍተው፣ ድምፅ አጥተው ቆመው ነበር።

እናንተ ብትጽፉት ኖሮ ርችት ታፈነዱበት ነበር። እሱ የተከፈተ አፍ በቃው።

የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኦክታቪያ በትለር «ኪንድሬድ» (1979) ውስጥ ዳና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ከ1976 ካሊፎርኒያ እየተነጠቀች ወደ ባርነት ዘመኗ ሜሪላንድ ትወሰዳለች። መቼ እንደምትነጠቅ ስለማታውቅ በገዛ ቤቷ ቦርሳዋን ሰውነቷ ላይ አስራ ትቀመጣለች፤ መኪና መንዳትም ትፈራለች። ለመጨረሻ ጊዜ ስትመለስ አንድ ክንዷ እዚያው ይቀራል።

እነዚህን ሦስቱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ከመከራ በኋላ የሚቀር ሕመም በስሙ የአእምሮ ሕመሞች መዝገቡ ውስጥ ያስገባው በ1980 ነው። ደራሲዎቹ ቀድመውናል። ምልክት ዝርዝር ከፊታቸው አስቀምጠው አልጻፉም፤ ሰው ከመከራ በኋላ በተራ ቀን ምን እንደሚያደርግ አይተው እንጂ። ስለዚህ ከእኔ መጽሐፍ ላይ ምልክት እየገለበጣችሁ ገጸ ባሕሪ አትሥሩ። ጠንቋዩ «ትራውማ አለብኝ» ብሎ ሲናገር ያነበብኩበት ረቂቅ አለ፤ ከዚያ ገጽ በኋላ ማንበብ ከበደኝ። ይልቅ ጀግናችሁ ገበያ ሲሄድ ከየትኛው ረድፍ እንደሚሸሽ፣ ማታ በር ስንት ጊዜ እንደሚፈትሽ፣ ልጁ ድንገት ከኋላው ሲያቅፈው ምን እንደሚያደርግ ጻፉ።

ዘርፋችሁ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ለተጎዳ ሰው ያለፈው አላለፈም። በእውነታው ዓለም ልብወለድ «እዚያው ያለሁ መሰለኝ» ይባላል፤ በእናንተ ልብወለድ ግን ሰውየው በቃ እዚያው ነው፣ ክንዱም ሊቀር ይችላል። ይህን ትታችሁ ሕመሙን በአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ስታድኑት ያናድደኛል። ክፉውን ሁሉ «በልጅነቱ ተበድሎ ነው» ማለትም እንዲሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያከምኳቸው የተበደሉ ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አልበደሉም። ሴት ልጅ ተደፍራ ወንዱ ለበቀል የሚነሳበትን ነገር ደግሞ ተዉት፤ የእሷ ማግስት የት አለ?

የራሳችሁን ቁስል በዘንዶና በመንኮራኩር ሸፍናችሁ የምትጽፉም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቮኔጋት ከድሬስደን እስከ መጽሐፉ ሃያ አራት ዓመት ፈጅቶበታል፤ እናንተም ለዓመቱ መጨረሻ ማድረስ አይጠበቅባችሁም። ስትጽፉት እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ምዕራፉን አቁማችሁ ለምታምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ንገሩ። የቀልዱን ምዕራፍ እስከዚያው መጻፍ ይቻላል።