ቦርሳው ውስጥ የቀረው የቤት ሥራ

በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቼ ትምህርት ቤት እየገባሁ ለዓመታት ሳስተረጉም ካየሁት ሁሉ አንድ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። የ9 ዓመት ልጅ በሒሳብ ዜሮ ላይ ዜሮ ስለሚያገኝ መምህሩ «የቤት ሥራ አይሠራም» አሉ፤ እናቱ ደግሞ ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላ እንደምታሠራው በመሐላ ተናገረች። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ስንገለብጠው ከመጻሕፍቱ ሥር የተጨማደዱ ወረቀቶች ወጡ። ሁሉም ተሠርተዋል፤ አንዱም አልተሰጠም። ልጁ በየቀኑ ሠርቶ በየቀኑ ማስረከቡን ይረሳ ነበር።

እኛ እንዲህ ያለውን ልጅ ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ልበ ቢስ እንለዋለን፤ ጎረቤት ሲብስበትም «አሳዳጊ የበደለው» ይላል። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ይህ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ግን ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘና በአብዛኛው በዘር የሚወረስ እንጂ ስኳር በመብላት ወይም በአሳዳጊ ስንፍና የሚመጣ አይደለም። በ2022 በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ከሆኑ ልጆች መካከል 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 11.4 የሚሆኑት፣ ይህ ችግር እንዳለባቸው በሐኪም ተነግሯቸዋል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በእርግጥ ሮጦ የማይደክም ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። ሐኪሙ የሚያጣራው ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር መቆየታቸውን፣ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው መጀመራቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየታቸውንና ውሎውን ማሰናከላቸውን ነው። በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም፤ ወላጅና መምህር የሚሞሉት መጠይቅ ትልቅ ድርሻ አለው። እንቅልፍ ያጣ፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ፣ ወይም በቅርቡ ከአገር ቤት መጥቶ ቋንቋው ያልገባው ልጅም ሐሳቡ የትም የሚሄድ ሊመስል ስለሚችል እነዚህ አስቀድመው ይታዩ። ለሴቶች ልጆቻችን ደግሞ አብልጬ እሰጋለሁ፤ ብዙዎቹ አይቀዠቀዡም፤ ዝም ብለው በመስኮት ሲያዩ ይውላሉና «ጨዋ ናት» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

ከጠረጠራችሁ በቃል ብቻ አትናገሩ። ልጃችሁ እንዲገመገም የምትጠይቁበትን ደብዳቤ ቀን ጽፋችሁበት ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። በፌዴራል ሕግ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ገደብ ካላወጣ በስተቀር፣ ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን አንሥቶ ግምገማው በ60 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ክፍያም የለውም። ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ አይኢፒ የሚባል፣ ለእሱ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ልዩ ትምህርት ለማያስፈልገውም አካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ በሚጠብቀው በ1973ቱ ሕግ መሠረት 504 የሚባለው ፕላን ለምሳሌ የፈተና ጊዜ ጭማሪና ከፊት ወንበር መቀመጥን ያስገኝለታል። ስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። እባካችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የራሱን ጥፋት ለእናቱ እንዲተረጉም የተደረገ ልጅ ግማሹን ሲውጠው፣ ግማሹን ደግሞ እያለቀሰ ሲናገር አይቻለሁ።

መድኃኒትን በተመለከተ «ልጄን ዕፅ ሊያስለምዱብኝ ነው» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ሆኖም ፍርሃታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ ቤት ይዛችሁት አትቅሩ። ዕድሜው 6 ላልሞላ ልጅ መጀመሪያ የሚመከረው ወላጆች የሚሠለጥኑበት የባሕርይ አያያዝ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ግን መድኃኒቱና ይኸው አያያዝ አብረው ይሄዳሉ። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንሱ ልጁ መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ገንፎውን ወይም ጨጨብሳውን ጠግቦ ይብላ፤ ክብደቱና ቁመቱም በየጊዜው ይለካ። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ። በባሕረ ሰላጤው በኩል ወደ አዲስ አበባ የምትጓዙ ከሆነ፣ በአንዳንድ አገሮች እነዚህ መድኃኒቶች ጥብቅ ቁጥጥር ስላለባቸው ሕጉን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ መድኃኒቱን ከነዕቃው፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ያዙ።

በቤት ውስጥ «ተነሥተህ ታጥበህ ለብሰህ ቦርሳህን ይዘህ ውረድ» ካላችሁት መጀመሪያ ያላችሁትን ብቻ ይዞ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፤ ሲፈጽም ወዲያው አመስግኑት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀጥሉ። ዱላ ማስታወስን አያስተምርም። በዚያን ቀን ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ሳሉ፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰው አባት «እኔም የተገረፍኩት ለዚሁ ነበር» አለና አቀርቅሮ ቀረ።

ለልጁ የተወሰነለት ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ቀይ ፎልደር። እናቱ ማታ የቤት ሥራውን ከትታ ትፈርምበታለች፤ መምህሩ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆመው ከእጁ ይቀበሉታል።