ሌጦ ቤት ውስጥ ሲለፋ ለምን ይደርቃል? እንዴትስ ለስልሶ ይቀራል?

እህቴ፣ የግልገል ፍየልና የጥንቸል ሌጦ በጨውና በአሉም (ፀጉር አስተካካዮች ከመላጨት በኋላ ፊት ላይ በሚያሹት ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር) አልፍተሽ፣ እርጥብ እያለ ለስላሳ የነበረው ሲደርቅ እንደ ጣውላ ሆነብኝ፣ ከሆዱ በኩልም ፀጉሩ በእጄ እየተነቀለ ነው ብለሻል። ሁለቱ ችግሮች መነሻቸው ለየቅል ነው። ፀጉሩ የተበላሸው አሉም ሳይነካው በፊት ነው፤ ድርቀቱ ግን ከአሉሙ በኋላ የመጣ ነው። አሉም ሌጦውን ከመበስበስ ያድነዋል እንጂ አያለሰልሰውም። የሚያለሰልሰው በደንብ መፋቅ፣ የሚስማማው ዘይትና፣ ከሁሉም በላይ፣ እየደረቀ ሳለ ማሸት ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የሚታሽበት ሰዓት በጣም አጭር ነው። ሐረር ያሉት ትንሽ ፋታ አላቸው፤ እኛ ጋ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ቀና ሳትዪ ያመልጥሻል።

ከፀጉሩ ልጀምር። የተገፈፈ ሌጦ ተጠቅልሎ ወይም ፌስታል ውስጥ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በዚህ ሙቀት የፀጉሩ ሥር ይበሰብሳል። ቀድሞ የሚለቀው ሆድና ብሽሽት ነው። ስለዚህ እንደተገፈፈ ጥላ ላይ ዘርግተሽ የሰውነቱ ሙቀት ሲወጣለት ወዲያው ጨው አድርጊበት። 1 ኪሎ ለሚመዝን ሌጦ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ጨው ያስፈልጋል፤ እኩል በእኩል ብታደርጊው ደግሞ ከስጋት ትድኛለሽ። ጨው ውድ አይደለም፣ አትሰስቺ። ሻካራው ጨው ቦታ ስለሚዘል ወቀጥ አድርጊው፤ ጠርዙን፣ የእግሩን እጥፋትና አንገቱን እያሸሽ አዳርሺ። ውሃው እንዲወርድ ዘንበል ያለ ነገር ላይ አስቀምጪ። በማግስቱ የረጠበውን ጨው አራግፈሽ ጣይና በአዲስ ድገሚው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ይቅር፦ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል፣ ሞራውም ቀልጦ ቆዳው ውስጥ ይገባል። እንዲህ የሆነ ሌጦ በኋላ ምንም ብታደርጊ ቦታ ቦታው ላይ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ በራሱ የሞተ እንስሳ ሌጦ በፍጹም አትንኪ። አባ ሰንጋ በቆዳና በፀጉር ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ጨውም አሉምም አይገድለውም። ጤነኛ ሆኖ ከታረደ እንስሳ የተገፈፈውንም ቢሆን በጓንት ሥሪ።

ከጨው የወጣውን ሌጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ዘፍዝፊው። ልክ እንደተገፈፈ ዕለት ሲለሰልስ አውጪው፤ ውሃ ውስጥ አሳድሮ መርሳት ሌላው የፀጉር መነቀል ምክንያት ነው። ከዚያ ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ወይም የተላገ ግንድ ላይ አጋድሚና በደነዘ ቢላ ወይም በቢላ ጀርባ ፋቂው። ሥጋውንና ሞራውን ማንሳት ብቻውን አይበቃም። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ሲጫሩት እንደ ስስ ፌስታል የሚነሳ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ካልወጣ አሉሙም ዘይቱም አይገቡም፤ ያንቺም ድርቀት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የጥንቸሉን ከጭራው ወደ አንገቱ ፋቂው፣ ቀስ ብለሽ፣ ይቀደዳልና። ከሥጋው በኩል ጥቃቅን የፀጉር ነጠብጣቦች መታየት ከጀመሩ ሥሩ ላይ ደርሰሻል፣ እዚያ ላይ አቁሚ።

ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በላርጎም ቢሆን፣ እጠቢው። የጥቁር ራስ በግ ሌጦ ከሆነ ዳሌው ላይ ያለው ስብ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሁለት ጊዜ መታጠብ አለበት። ደረቅ ሳሙና አትጠቀሚ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቂው የለ? ያው ነገር ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ፀጉሩ ላይ ዝቃጭ ይሆናል። ለማለቅለቂያውም ውሃውን አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከላይ ያለውን ብትወስጂ ይሻላል። የፈላ ውሃ ግን ሌጦውን አይንካው፣ ተኮማትሮ ያልቃል።

አሁን ወደ ማልፊያው። ታጥቦ የተጨመቀውን ሌጦ መዝኚ። ለ1 ኪሎ፦ 100 ግራም አሉም፣ 50 ግራም ጨው፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ የሦስት እንቁላል አስኳልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አሉሙንና ጨውን ግማሽ ሊትር ሞቅ ባለ ውሃ አሟሚ፣ ሲበርድ ዱቄቱን፣ በመጨረሻ አስኳሉንና ዘይቱን ጨምሪ። ውሃው ሳይበርድ ከጨመርሽው አስኳሉ ይበስልና ጥቅም አይሰጥም። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ አሉም ብረትና አልሙኒየም ይበላል፣ ዝገቱም ሌጦው ላይ ይቀራል። ሊጡን ከሥጋው በኩል በእጅሽ እያሸሽ ቀቢ፣ ሥጋ በሥጋ ላይ አጥፊና ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ አሳድሪው። በማግስቱ ገልጠሽ ድገሚ። ለጥንቸል ሁለት ቀን፣ ለግልገል ሦስት ቀን ይበቃል። አቼቶ የምትጨምሩም አላችሁ፤ ያለ ጨው ከሆነ ግን አሲዱ ሌጦውን ያሳብጠውና ያበላሸዋል። የባትሪ አሲድ የሚመክሯችሁን ደግሞ አትስሙ።

መድረሱን የምታውቂው አንገቱ ጋ ወፍራሙን ጠርዝ ትንሽ ቆርጠሽ በማየት ነው። ቁርጡ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነጭ ከሆነ ደርሷል፤ መሃሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ካለ ውስጡ ገና ጥሬ ነው፣ ሌላ ቀን ጨምሪለት።

ሊጡን በቢላ ጀርባ ጥረጊ፣ ከሥጋው በኩል ዘይት ቀቢ። ዘይቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተልባ በራሱ የሚደርቅ ዘይት ስለሆነ ሌጦውን ያደርቃል። ቅቤ በዚህ ሙቀት ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የጉሎ ዘይት ጥሩ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የከብት እግር ተቀቅሎ ከላይ የሚሰፈው ዘይት ነው። ለብ አድርገሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ቢበዛ ፀጉሩን ያጨቀየዋል።

አሁን ዋናው ሥራ ነው። አመሻሽ ላይ ጀምሪ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቬንትሌተር ጠፍቶ። ጠርዙና ሆዱ ቀድመው ስለሚደርቁ ከእነሱ ተነሺ። ጣትሽ መሃል አጥፈሽ ቆንጠጥ ስታደርጊው እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከወጣ ሰዓቱ ደርሷል። በሁሉም አቅጣጫ ጎትቺው፤ ከዚያ የወንበር መደገፊያ ወይም የተወጠረ ገመድ ላይ ከሥጋው በኩል ወዲህና ወዲያ ፈትጊው። የሳሳ ሻሽ የመሰለውን ግራጫ ቆዳ ስትስቢው ክሩ ተፈቶ ከእጅሽ ሥር ነጭ ሲሆን ታያለሽ። ያልነጣ ቦታ ያልታሸ ቦታ ነው። መድከምሽ አይቀርም፤ ስታርፊ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽበት ፌስታል ውስጥ አስቀምጪው እንጂ ክፍት አትተዪው። አንገቱ መጨረሻ ላይ ይደርቃል፣ እሱን ሳትጨርሺ አትተኚ። ሲያልቅ ከሥጋው በኩል በ120 የአሸዋ ወረቀት ለስለስ አድርጊው፣ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ አሽተሽ አራግፊ።

የደረቀብሽን አትጣይው። ከሥጋው በኩል ለብ ባለ ውሃ በስፖንጅ አርጥቢ፣ አጥፈሽ ፌስታል ውስጥ አሳድሪ። ሲለሰልስ የቀረውን ሽፋን ፋቂ፣ ሊጡን አንድ ሌሊት ድገሚለት፣ ከዚያ ዘይትና ማሸት። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። የተነቀለው የሆድ ፀጉር ግን አይመለስም፤ ቆርጠሽ አውጪው።

በአሉም የለፋ ሌጦ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ አሉሙ ይወጣና ጥሬ ወደ መሆን ይመለሳል። ለምንጣፍ፣ ለትራስ፣ ለልብስ ገበር ይሁን። ለሚታጠብ ቦርሳ ወይም ለጫማ ከሆነ የግራር ቅርፊት ነው የሚሻለው፦ ቅርፊቱን ወቅጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊ፣ ሌጦውን በቀጭኑ የቅርፊት ውሃ መንከር ጀምረሽ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ አወፍሪው። ገና ከመጀመሪያው በወፍራሙ ከነከርሽው ላዩ ይዘጋና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሳምንታት ይወስዳል፣ ቀለሙም ይቀላል።