ዳይናሞ ከመግዛትህ በፊት የኋላውን ምንጣፍ ገልጠህ ዳስስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ገና ዛሬ ጠዋት አየሁት። ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ ልጁ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 2001 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ገዝቷል። ሁለት ቀን ካቆማት ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ጠቅ ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። ባትሪው ከተቀየረ 4 ወሩ ነው። ማታ ሲነዳ ደግሞ የፊት መብራቷ አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ ይላል፤ ጉልበትም ያንሳታል። አንዱ ባለሙያ ዳይናሞ (ባትሪ የሚሞላው) ቀይር፣ ሌላው ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ነው፣ ሦስተኛው ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል ብሎታል። ማንን ልመን ነው የሚለው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ማስተማር ነው። ግን ያንተዋ ዓይነት ሴሊካ፣ ባለ 1.8 ሞተሯን፣ ይዤ እዚሁ ከተማ 6 ክረምት አሳልፌአለሁ፤ የጻፍከው ነገር አንድም ሳይቀር ደርሶብኛል። እኔንም ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረኝና የመጀመሪያውን አምኜ ዳይናሞ ቀየርኩ። በዚያ ብር ከመንዝ በግ መርጬ አራት እነዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናዋ ጠቅ ጠቅ። አውልቄ የጣልኩት ዳይናሞስ? ጓደኛዬ ለኮሮላው ወሰደው፤ ስንለካው 14.2 ቮልት ይሰጣል። እስካሁን እሱ ላይ እየሠራ ነው፣ ባገኘኝ ቁጥርም ያመሰግነኛል።

ስለዚህ ሳትለካ ምንም ዕቃ አትግዛ። ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ግዛ፤ ርካሹ ይበቃል፣ ብቻ 10 አምፔር የሚል ለብቻው ቀዳዳ ያለው ይሁን።

በባትሪው ጀምር። ማታ ኮፈኑን ገርበብ አድርገህ እደር፤ ጠዋት ቁልፍ ሳታስገባ ቴስተሩን ሁለቱ ጫፎች ላይ አሳርፍ። 12.6 ካለህ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ነው የቀረው። ብዙ ሰው «12 ቮልት ይላል እኮ፣ ደህና ነው» ሲል እሰማለሁ፤ 12.0 ያለ ባትሪ ለደብረ ብርሃን ጠዋት ባዶ ነው በለው። ቀጥሎ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንተ ቁጥሩን እይ፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከተነሳች በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊል ይገባል። ከዚያ የፊት መብራት፣ የማሞቂያ ፋን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሁሉንም አብርተህ ነዳጅ ትንሽ ስጣት፤ ከ13.5 ካልወረደ ዳይናሞህ ላይ ጣትህን አትቀስር። መብራቱ ስለሚዋዥቅብህ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተር እየሠራ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት (V~ የሚለው) አዙረህ ባትሪው ላይ ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ የዳይናሞው ዳዮድ (ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እሱ መብራት ያዋዥቃል፣ ቆማ ስታድርም ባትሪውን ይመጥጣል። ያኔ ዳይናሞ ቀይር ያለህ ሰው ትክክል ነበር።

እባክህ ግን አንድ ነገር አታስደርግ። ሞተር እየሠራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያወልቁና «ካልጠፋች ዳይናሞው ጤነኛ ነው» ይላሉ። ኮምፒውተር ለሌላት ለድሮ መኪና ምናልባት። በእንዲህ ዓይነቷ ላይ ግን ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቴጁ ይዘልልና ኮምፒውተሯን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሦስተኛው ባለሙያህ ያለው ነገር እውነት ይሆናል።

አሁን ወደ ሌባው፣ ቆማ ሳለች ባትሪ ወደሚሰርቀው። መኪና ቆማም ቢሆን ለሰዓቷ፣ ለኮምፒውተሯና ለአላርሟ ትንሽ ኮረንቲ ትወስዳለች፤ እስከ 50 ሚሊ አምፔር ድረስ ምንም አይደል። ይህን ለመለካት ቁልፉን አውጥተህ አርቀው፤ በሩ ክፍት ሆኖ የተዘጋ እንዲመስላት መቆለፊያ ምላሱን በካቻቢቴ ግፋው። ኔጋቲቩን በ10 ቁልፍ ፈትተህ አውጣና ቴስተሩን፣ ሽቦው 10 አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ፣ በገመዱና በባትሪው ጫፍ መሀል አስገባው። ከዚያ ሻይ ጠጣ። ቀልዴን አይደለም፤ ሁሉም ነገር ተኝቶ ቁጥሩ እስኪረጋ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ቁልፍ እንዳታዞር፣ የቴስተሩን ፊውዝ ታቃጥላለህ (እኔ ሁለት አቃጥያለሁ)።

የኔዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 0.38 አምፔር ላይ ቆመች። ትንሽ ይመስላል። ግን በ24 ሰዓት ከ9 አምፔር ሰዓት በላይ ነው፤ በሁለት ቀን 18። ባትሪዬ 45 ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ስትቆም አርባ በመቶው ሄዷል። በዚያ ላይ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ በሩብም በሲሶም ይቀንሳል፣ ዘይቱም ወፍሮ ሞተሩ ለመዞር ይከብደዋል። ይኸ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያታልለኝ ኖሯል፦ ሸዋ ሮቢት እህቴ ዘንድ ሦስት ቀን አቁሜያት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ ደብረ ብርሃን ሁለት ቀን ስትቆም እምቢ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው ግን ከ2800 ሜትር ወደ 1300 ገደማ ይወርዳል። ሌባው እዚያም ይሰርቅ ነበር፤ ቆላው ሸፈነለት እንጂ።

ሌባውን ለማግኘት ሰው ፊውዝ አንድ በአንድ ይነቅላል። ያም ይሠራል፤ ግን ነቅለህ ስትመልስ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሰዋለህ፣ እንደገና ግማሽ ሰዓት። የተሻለው ፊውዙን ሳትነቅል በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች በሚሊቮልት መለካት ነው። ኮረንቲ የማያልፍበት ፊውዝ 0.0 ይላል፤ የሚያልፍበት ጥቂት ነጥብ ያሳያል። እግረ መንገድህን በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ወረቀት ወይም የተጠማዘዘ መዳብ ሽቦ ካገኘህ አውጥተህ ትክክለኛውን ቁጥር አስገባ። ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦና ሶኬት ግን አትንካ፤ የኤርባግ ነው።

እኔ በሁለቱም ሳጥን ያለውን ፊውዝ በሙሉ ለካሁ። ሁሉም ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። 0.38ቱ ግን ቴስተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። እዚህ ጋ ነው ተስፋ የቆረጥኩት፤ ሦስተኛውን ባለሙያ ልጠራም ነበር።

ታኅሣሥ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ውርጭ ለብሳ፣ መስታወቷን በፕላስቲክ ካርድ እየፋቅኩ፣ የኋላውን ከፍቼ ክሪኬን ላወጣ ምንጣፉን ስገልጥ መዳፌ የሆነ ለብ ያለ ነገር ላይ አረፈ። ብረቱ ሁሉ ጣት በሚቆርጥበት ሰዓት እንደ ተቀመጠበት ወንበር ሞቅ ያለ። የድሮው ባለቤት ያስገጠመው የሙዚቃ አምፕሊፋየር! ሙዚቃውን እንኳ ዓመት ሙሉ ከፍቼው አላውቅም። ለካ ሌት ተቀን በርቶ ነው የሚያድረው።

ለምን ፊውዞቹ ዜሮ እንዳሉ የገባኝ ያኔ ነው። ወፍራሙ ቀይ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄዷል፤ የፊውዝ ሳጥኑን ጨርሶ አያውቀውም። አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው ቀጭኑ ሰማያዊ ሽቦ ደግሞ ከሬዲዮው ሰማያዊ ጋር መገናኘት ሲገባው የሬዲዮው ቢጫ ላይ ተጠምዝዟል፤ ቢጫው ቁልፍ ቢወጣም ኮረንቲ አይለየውም። ፈትቼ ቦታው መለስኩት፣ በወፍራሙ ሽቦ ላይም ከባትሪው ስንዝር ያህል ራቅ ብዬ ፊውዝ አስገባሁ፤ ያለ ፊውዝ ቦዲ ቢነካ የሚነድደው መኪናው ነው። ቴስተሩ ወደ 0.03 ወረደ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የባትሪህን ፖዘቲቭ እይ። ከፋብሪካ ከመጣው ገመድ ሌላ ተጨማሪ ሽቦ ከታሰረበት ጫፉ እስኪገኝ ተከተለው፤ አላርምም ሊሆን ይችላል፣ ጂፒኤስም። የሚሞቅ ነገር ካለ እጅህ ከቴስተሩ ቀድሞ ያገኘዋል፣ ደብረ ብርሃን ለዚህ እንኳ ትጠቅማለች።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠዋት መነሳቱንማ ትነሳለች፤ ግን እየጎተተች ነው፣ የመብራቱ መዋዠቅም አልቀረም። አንድ ማታ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ጉሙ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ፋን ሳበራ የፊት መብራቱ ኩራዝ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ነው ሁለት በሽታ አንድ ላይ መኖራቸውን የጠረጠርኩት። ያንተም ሁለት ይመስለኛል፤ ዳዮዱን ከለካህና ደህና ከሆነ፣ ቆማ የምትደክመውና እየሄደች የምትፈዘው አንድ ምክንያት የላቸውም።

ሁለተኛው ግራውንድ ነው። የኔጋቲቩ ገመድ አንድ እግሩ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ካምቢዮው ላይ ይታሰራል። ኮረንቲ በፖዘቲቩ ሄዶ በዚህ ነው የሚመለሰው፤ መመለሻው ከተዘጋ የፊቱ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። አለካኩ ቀላል ነው፦ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ (መያዣው ላይ ሳይሆን)፣ ሌላውን ባዶ የቦዲ ብረት ላይ አድርገህ መብራትና ፋን አብራ። ከ0.1 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት አዙረህ ሰው ቁልፍ ያዙርልህ፤ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። የኔ ቦዲው 1.1 አለ፣ ሞተሩ 0.9። ከ12 ቮልቱ ለሞተሪኖው ሳይደርሰው አንዱ የሚጠፋው በመመለሻው ነበር።

ብሎኑን ስፈታ ከስሩ የወጣው ቀለም ነው። መኪናዋ ድሮ በግራ ተመትታ ተቀብታ ኖሯል፤ ቀቢው ግራውንዱ የሚያርፍበትንም አሳምሮ ቀብቶታል። የካምቢዮው በኩል ደግሞ አረንጓዴ ዝገት። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈግፍጌ፣ አጥብቄ አስሬ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀባሁት። ቦዲው ወደ 0.04፣ ሞተሩ ወደ 0.15 ወረደ። የጠየቀኝ አንድ የብርጭቆ ወረቀትና የባለቤቴ ቫዝሊን ነው። ሞተሪኖ ይቀየር ያለህ ሰው የሰማው እየጎተተ የሚዞር ድምፅ እውነት ነው፤ ግን ሞተሪኖው የተራበ እንጂ የታመመ ላይሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፦ ቮልቴጅ ሲወርድ ሴንሰሮች ትርጉም የሌለው ነገር ስለሚያወሩ ቼክ ኢንጂን መብራትና የተለያየ የብልሽት ኮድ መምጣቱ የተለመደ ነው። ባትሪውንና ግራውንዱን ሳታስተካክል የተነበበ ኮድ አትመን። አስተካክለህ፣ ኮዱን አጥፍተህ ሳምንት ንዳት፤ ተመልሶ የመጣው ብቻ ነው ጉዳይህ። ኮምፒውተሯ ተቃጥሎ ቢሆን ባትሪው ሞልቶም አትነሳልህም ነበር።

ጉልበት ያንሳታል ያልከው ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር አይገናኝም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 140 ፈረስ ጉልበት ተብላ የመጣችው እኛ ዘንድ 100 ብትሆን ነው። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ንዳት፣ ሌላ መኪና ትመስልሃለች።

ዕቃ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ «የሴሊካ» አትበል፤ ስፖርት መኪና ሲሰሙ ዋጋውም ስፖርት ይሆናል። «ዋን ዜድ ዜድ» በል። ሞተሯ ከኮሮላ፣ ከአቬንሲስና ከራቭ ፎር ጋር አንድ ነው፤ እንግሊዞቹ ሎተስ ኤሊስ ላይ ሳይቀር ገጥመውታል። መታሰሪያውንና ሶኬቱን አስተያይተህ ውሰድ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለችንን ማሰንበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዋን ዜድ ዜዶች ዘይት ይበላሉ፤ የ2001ዷ ከነሱ ናትና በየሳምንቱ ዘይት መለኪያውን ሳብ አድርገህ እይ። ራዲያተሯ ውስጥም ንጹሕ ውኃ ብቻ እንዳይሆን፣ በዚህ ውርጭ።

አሁን አራት ቁጥር ጻፍልኝ፦ ጠዋት የባትሪው፣ ሁሉ በርቶ የዳይናሞው፣ ቆማ የምትወስደው አምፔር፣ የግራውንዱ ሁለት መለኪያ። አምስት ሆነ መሰለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠባሴ አካባቢ አለሁ፤ ቴስተር ካላገኘህ የኔን ይዤ እመጣለሁ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አንተ ያዝ።