ስሱ ወረቀት ላይ ማርከር ለሰፋባት እህታችን

የደብረ ሲናዋ እህታችን ከውጭ የመጣላት ስስ የጃፓን ወረቀት ላይ የሠርግ ካርድ ልትሥል ብትሞክር የማርከሩ ቀለም እየሰፋ አስቸግሯታል። "የትኛውን እስክሪብቶ ልግዛ?" ትላለች። እኔ እስካሁን ምንም አትግዢ ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን እወቂው።

ደብረ ብርሃን ካርድ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀትም ብዙ አበላሽቻለሁ። ሰው "የሩዝ ወረቀት" ይለዋል እንጂ ከሩዝ አይደለም። አብዛኛው የሚሠራው ኮዞ ከሚባል የመልበሪ ዘመድ ልጥ ነው። የልጡ ክር ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ ስስ ቢሆንም ጠንካራ ነው። የደብተር ወረቀት ሲሠራ ቀለም እንዳይጠጣ የሚያደርግ ነገር ይገባበታል፤ ይሄኛው ግን ብዙ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ቀለሙ ክሩን እየተከተለ ይሄዳል። ብራና የለመደ ሰውማ ይደነግጣል። እዚያ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፣ ብትሳሳቺም በቢላ ትፍቂዋለሽ። እዚህ ከገባ ገባ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እርጥበት መቀነስ ነው። ተራው ባለ ኳስ እስክሪብቶ ቀለሙ ዘይትነት ስላለው አይሰፋም፣ ብቻ አትጫኚው። ባለቀለም እርሳስም ያምርበታል። ለእርሳስ ለስላሳውን፣ 2ቢ ወይም 4ቢ የተጻፈበትን ያዢ፣ ጠንካራው ይቧጭረዋል። ላጲስ አታስጠጊ! የወረቀቱን ፀጉር ያነሳዋል። ንድፉን ሌላ ወረቀት ላይ ጨርሺና ከሥር አድርጊው፤ ስስ ስለሆነ መስኮት ላይ ስትደግፊው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የግድ በብሩሽ ወይም በማርከር ካልሽ ቀለም እንዳይጠጣ ወረቀቱን ቀድመሽ ስታርች ቀቢው። ጃፓኖቹ የእንስሳት ሙጫና ሸብ ቀላቅለው ይቀባሉ፣ ዶሳ ይሉታል። እኔ ግን ቤት ባለው ነው የምሠራው። አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ እሳት ላይ እያማሰልሽ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን ጠብቂው። ሲበርድ ወረቀቱን ፕላስቲክ ላይ ዘርግተሽ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀቢው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታንሺው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ውሃ አታብዢ፣ ስታርቹ ይለሰልሳል። ለስጦታ መጠቅለያ የሚሸጠውን ስስ ወረቀት ግን እንዲህ አትቀቢው፤ ክሩ አጭር ስለሆነ እጅሽ ላይ ይበጣጠሳል።

ወቅቱንም እይው። አንዴ ሐምሌ ላይ ሃያ ካርድ ቀብቼ፣ የደረቀ መስሎኝ ደራረብኩት። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሻግቶ አገኘሁት፤ ሙሽሮቹን ሌላ ወረቀት ላይ ይሁን ብዬ ለመንኩ። እናንተ ጋ ደግሞ የጣርማ በር ጉም አለ። ጉም በወረደበት ቀን አትቀቢ፣ ከቀባሽም አንድ በአንድ ለያይተሽ አድርቂ።

አሁን ከጠርዙ ሁለት ቁራጭ ቁረጪ። አንዱን ስታርች ቀቢው፣ ሌላውን ተዪው። ያንኑ ማርከርሽን ሁለቱም ላይ ሞክሪና ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን፤ መስመሩን አይቼ ስታርቹ ይጨመር ወይ ይቀነስ እነግርሻለሁ።