ስለ በስተር ኪተን፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ መብራቱ ጋር

ጋሽ መብራቱ፦ እንደምን ዋላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ አሜሪካዊው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያንና ዳይሬክተር ስለ በስተር ኪተን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ሳጫውት ኖሬያለሁ፤ የምመልሰውም በዚያ ዓይን ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። አንደኛ፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ሁለተኛ፣ ስለ ፊልም ስትጠይቁ የፊልሙን ስም ጻፉ። «ያ የሚወድቅበት» አትበሉኝ። ሰውየው ያልወደቀበት ፊልም የለም።

ተማሪ ነኝ፦ ጋሼ፣ መቼና የት ተወለደ? አስተዳደጉስ?

ጋሽ መብራቱ፦ ኦክቶበር 4 ቀን 1895፣ ካንሳስ ውስጥ ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር። በእኛ መስከረም 24 ቀን 1888 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በዚያው በ1888 ታኅሣሥ ላይ የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ፊልማቸውን አሳዩ። የካቲት ላይ ደግሞ ዓድዋ ሆነ። ይህን ካሰላሁ ወዲህ የኪተንን ዕድሜ ረስቼ አላውቅም።

አባትና እናቱ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የመድረክ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ትርዒቱ ውስጥ ገባ። ሥራው መወርወር ነበር! አባቱ አንስቶ ወደ መጋረጃው ይወረውረዋል፤ ለመያዝ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶበታል። ኒውዮርክ ውስጥ የሕፃናት ደህንነት ተቆጣጣሪዎች ሲከታተሏቸው ኖረዋል። ፊቱን ማኮሳተር የተማረው እዚያ ነው። እሱ ሲስቅ ሰዉ ዝም ይላል፣ እሱ ሲኮሳተር ሰዉ ይስቃል።

ዶክተር ፖፕኮርን፦ «በስተር» የሚለውን ስም አስማተኛው ሁዲኒ ነው ያወጣለት የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ መብራቱ፦ አባቱ እንደዚያ ይል ነበር። አባቱ ወሬ ማሳመር ይወድ ነበር። ቀጥሎ።

ካሜራ ያዥ፦ ወደ ፊልም እንዴት ገባ? ዳይሬክተርነትን ማን አስተማረው?

ጋሽ መብራቱ፦ ይሄ ነው ጥያቄ። በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ ሮስኮ አርባክልን አገኘው፤ በጊዜው ትልቅ ኮሜዲያን የነበረ፣ ወፍራሙ ሰውዬ። እስኪ ና ሞክር አለውና «ዘ ቡቸር ቦይ» የሚባለው አጭር ፊልም ውስጥ ገባ። ኪተን ራሱ ሲናገር፣ በዚያ ሰሞን ካሜራውን ለምኖ ወደ ማደሪያው ወስዶ ፈታታው፤ ከዚያ መልሶ ገጠመው። ሌላው ተዋናይ «ምን ያህል ትከፍሉኛላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ እሱ ጥርስና ማርሽ ይቆጥራል። አስተማሪው ካሜራው ነው ብል አላጋነንኩም።

የዚያን ፍሬ ማየት የሚፈልግ የ1921ዱን «ዘ ፕሌይሃውስ» ይይ። መድረኩ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ዘጠኙም ኪተን ናቸው። ኮምፒውተር የለም። ሌንሱ ፊት ለፊት ጠባብ ጠባብ መዝጊያዎች ያሉት ሳጥን ገጠሙ። አንዱን መዝጊያ ከፍተው አንዱን ኪተን ያነሳሉ፤ ይዘጉታል፤ ፊልሙን ወደ ኋላ ጠቅልለው ወደ መነሻው ይመልሱና ቀጣዩን ይከፍታሉ። ዘጠኝ ጊዜ። ዘጠነኛው ላይ ብትሳሳት ስምንቱም አብረው ገደል ገቡ። ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለሆነ ካሜራማኑ ኤልጂን ሌስሊ ዘጠኙንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ማዞር ነበረበት። እኔ ሞተር ባለው ማሽን እንኳ ሁለት ጥቅል ሳገናኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤቲ ዘአራዳ፦ ጋሼ፣ እዚያ ትዕይንት ላይ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው በጥቁሮች ነው የሚቀልዱት። እሱንም ይናገሩ እንጂ።

ጋሽ መብራቱ፦ ልክ ነሽ፣ አላስተባብልም። የዘመኑ የአሜሪካ መድረክ በሽታ ነበር፤ እሱም ታሟል። ዘዴውን አደንቃለሁ፣ ቀልዱን አልወድለትም።

የመርካቶ ልጅ፦ የድሮ ፊልም ላይ ሰዎቹ ለምን እንደ ጉንዳን ይጣደፋሉ?

ጋሽ መብራቱ፦ አይጣደፉም! የሚያጣድፋቸው የሚያጫውተው ሰው ነው። ስሙኝ፣ ይህን በየዓመቱ እደግመዋለሁ። የካሜራው ጎን ላይ እጀታ አለ፤ አንድ ዙር ሲዞር ስምንት ፍሬም፣ ማለትም ስምንት ነጠላ ሥዕል፣ ያነሳል። በሰከንድ ሁለት ዙር ማለት 16 ፍሬም ነው። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ላይ ተቸነከረ። በ16 የተነሳውን በ24 ብታጫውተው ሰውየው በአንድ ተኩል እጥፍ ይሮጣል። በሃያዎቹ ውስጥ የካሜራማኖቹ እጅ ፈጥኗል፤ ኮሜዲ ላይ ደግሞ ሆን ብለው ዝግ አድርገው ያዞሩ ነበር፣ ለማስሮጥ። ስለዚህ ጥቂት ጥድፊያ የታሰበበት ነው፤ የጉንዳኑ ሩጫ ግን የአጫዋቹ ስህተት ነው።

እኔም በደለኛ ነኝ። የኛ ማሽን ከ24 ሌላ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ድምፅ አልባ ፊልም መጣልንና አጫወትኩት፤ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ለዓመታት የሳቁት በፊልሙ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ፦ ስታዩ ፍጥነቱ የተስተካከለውን ፈልጉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይቅርታ ግን ቻፕሊን እያለ ስለ ኪተን ይህን ያህል? ቻፕሊን ያስለቅሳል። ኪተን አክሮባት ነው።

ቤቲ ዘአራዳ፦ ጀመረህ ደግሞ።

ካሜራ ያዥ፦ ቻፕሊን ካሜራውን እንደ መድረክ አቁሞ ፊት ለፊቱ ይተውናል። ኪተን ግን ካሜራው ራሱ እንዲቀልድ ያደርጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰው ግን የሚያስታውሰው ማንን ነው? አያቴን ጠይቃት፤ ቻፕሊንን ታውቃለች፣ ኪተንን አታውቅም።

የመርካቶ ልጅ፦ አያትህ ሳይሆኑ ፖስተር ሻጩ ነው የወሰነው። ፒያሳም መርካቶም ግድግዳ ላይ የነበረው ባለ ዱላው ብቻ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ፖስተሩ በነፃ አልተሰቀለም፣ ሰው ወዶት ነው።

ጋሽ መብራቱ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ ቁረጡት። እኔን የሚያሳስበኝ ልዩነት ሌላ ነው። ቻፕሊን በ1919 ዩናይትድ አርቲስትስ የሚባለውን የፊልም ኩባንያ ከሌሎች ጋር ሲመሠርት የራሱ ንብረት ጌታ ሆነ። ኪተን የገንዘቡን ጉዳይ ለፕሮዲውሰሩ ለጆሴፍ ሼንክ ተወው፤ የሚስቱ እህት ባል ነው፣ ዘመድ ነው ብሎ። ፊልሞቹ የራሱ አልነበሩም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ለመሆኑ ሁለቱ በ1952 «ላይምላይት» ላይ አንድ ትዕይንት አብረው ሠርተዋል። እዩትና ተጣሉ።

አቢ ዘአዳማ፦ ጋሼ ያ የባቡሩ ፊልም እንዴት ተሠራ?

ጋሽ መብራቱ፦ የፊልሙን ስም ጻፉ አላልኩም? ባቡር ያለባቸው ፊልሞቹ ብዙ ናቸው። «ዘ ጄኔራል» ማለትህ ከሆነ፣ 1926፣ ከክላይድ ብራክማን ጋር ያዘጋጀው። በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜን ወታደሮች ከደቡብ ባቡር ሰርቀው የሸሹበት እውነተኛ ታሪክ ነው መነሻው። ኦሪገን፣ ኮቴጅ ግሮቭ ሄዶ አሮጌ ሎኮሞቲቮች እንደ ጦርነቱ ዘመን አስመስሎ አሠራ። ጁላይ 23 ቀን አንዱን ሎኮሞቲቭ በሚነድ ድልድይ ላይ ለቀቀውና ወንዝ ውስጥ ጣለው። ሞዴል አይደለም፤ እውነተኛ ብረት ነው። ወጪው 42,000 ዶላር ተብሎ ይጠቀሳል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ለአንዲት ሾት ከወጣው ሁሉ የበለጠ እንደሆነ ይነገራል። መድገም የለም። ብረቱ እዚያው ወንዝ ውስጥ ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቁርጥራጭ ብረት ወጣ።

እኔ ግን ከዚያ ይልቅ አንዲት ትንሽ ትዕይንት እወዳለሁ። ፍቅረኛው ንቃዋለች። ሄዶ የባቡሩን ጎማዎች የሚያያይዘው ረጅም ብረት ላይ ቁጭ ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ። ባቡሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ብረቱ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ወደ ታች ያወርደዋል፣ እንደገና ያነሳዋል፤ እሱ ሐዘን ላይ ስለሆነ አልሰማም። እንፋሎቱ ትንሽ በዝቶ ጎማው ቢፈተለክ ኖሮ ሰውየው አበቃለት። ይህን ሁሉ አንድም ሳይቆረጥ ከሩቅ ነው የምታየው።

ቤቲ ዘአራዳ፦ ጀግናው ግን የባሪያ አሳዳሪው ወገን ነው።

ጋሽ መብራቱ፦ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በቃ፣ «ነው» ብቻ?

ጋሽ መብራቱ፦ ምን ልጨምር? የእውነተኛው ታሪክ ባለቤቶች ሰሜኖቹ ናቸው፤ እሱ ገልብጦ ደቡቡን ጀግና አደረገው። ፊልሙ ስለ ባርነት አንድ ቃል አይተነፍስም። ቅር ይለኛል። ቀጥሎ።

ዶክተር ፖፕኮርን፦ ግድግዳው የሚወድቅበትስ? ዱሚ፣ አሻንጉሊት ነው አይደል የቆመው?

ጋሽ መብራቱ፦ ስም! ስም! «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር»፣ 1928። ዱሚ አይደለም። የቤቱ ፊት ሙሉ በሙሉ እላዩ ላይ ይወድቃል፤ የላይኛው መስኮት ክፍት ስለሆነ እሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። በሰውነቱና በመስኮቱ ጠርዝ መካከል የነበረው ክፍተት የጥቂት ጣት ስፋት ነው። ግድግዳው ሁለት ቶን ይመዝን ነበር ይባላል። ሐሳቡም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ በ1919 ከአርባክል ጋር በቀላል የመድረክ ግድግዳ ሞከረው፣ በ1920 በ«ዋን ዊክ» አሳደገው፣ በመጨረሻ ይሄን አመጣው። ልጆች ደግሞ ቪዲዮ ለመቅረጽ ብላችሁ እንዳትሞክሩት። «ሸርሎክ ጁኒየር» ላይ ከባቡር ውኃ ማጠራቀሚያ የወረደው ውኃ ሐዲድ ላይ ጥሎት የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቋል፤ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ራጅ ሲያነሳው ነው።

ተማሪ ነኝ፦ ባርኔጣውስ?

ጋሽ መብራቱ፦ ራሱ ነው የሚሠራው። ደህና ባርኔጣ ገዝቶ ይቆርጠዋል፣ ጠርዙን በስኳር ውኃ ነክሮ ያደርቀዋል፤ እንደ ጣውላ ይደርቃል።

የመርካቶ ልጅ፦ ስንት ሚስት አገባ?

ጋሽ መብራቱ፦ ሦስት። ቀጥሎ።

አቢ ዘአዳማ፦ የት ላውርደው?

ጋሽ መብራቱ፦ እስከ 1928 የወጡት በአሜሪካ ሕግ የሕዝብ ንብረት ሆነዋል፤ ከዚያ በላይ ለእኔ አትጠይቀኝ። ፍጥነቱን ግን እይ!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አዲስ አበባ ላይ ስለነበረው «የሰይጣን ቤት» ቢያወሩን?

ጋሽ መብራቱ፦ ለእሱ ሌላ ቀን ይያዝለት። ሰዉ ሲኒማ ቤትን የሰይጣን ቤት ማለቱ ግን አይገርመኝም፤ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለህ የሌለ ሰው ሲሮጥ ስታይ ምን ትለዋለህ?

ዶክተር ፖፕኮርን፦ ድምፅ ሲመጣ ድምፁ አላምር ብሎ ነው የወደቀው፣ አይደል?

ጋሽ መብራቱ፦ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድምፁ ጥሩ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድረክ ላይ የኖረ ሰው መናገር ያቅተዋል? የድምፅ ፊልሞቹ ገንዘብ አስገብተዋል። አንዳንዶቹን በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛም ደግሞ ሠርቷቸዋል፣ ቋንቋውን ሳይችል ቃሉን እየሸመደደ።

የወደቀው ከላይ ያዙልኝ ባልኳችሁ ነገር ነው። «ዘ ጄኔራል» ብዙ ገንዘብ በልቶ የተጠበቀውን አላመጣም። በ1928 ሼንክ ወደ ትልቁ የፊልም ድርጅት ወደ ኤምጂኤም እንዲሄድ መከረው። ቻፕሊንና ሌላው ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ «አትግባ» ብለው አስጠንቅቀውት ነበር፤ ገባ። የመጀመሪያው «ዘ ካሜራማን» ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ያልጸደቀ ቀልድ አይቀረጽም ተባለ። ሰውየው ቀልዱን የሚያገኘው ቦታው ላይ ቆሞ ብረቱን እየነካካ ነው! እስክሪፕት አምጣ ብትለው ምን ያመጣል? መጠጥ ውስጥ ገባ፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ በ1933 አሰናበቱት። ኋላ እዚያው ድርጅት ለሌሎች ኮሜዲያኖች ቀልድ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ።

ካሜራ ያዥ፦ ፊልሞቹ ታዲያ እንዴት ተረፉ?

ጋሽ መብራቱ፦ ገሚሱ በዕድል። ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን የኪተንን የድሮ ቤት ገዝቶ ሲኖርበት የተቆለፈ ቦታ ውስጥ የፊልም ጥቅሎች አገኘ። ያ የድሮ ፊልም ናይትሬት ነው፤ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፣ ካልተቃጠለም በራሱ ይበሰብሳል። ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ኪተን ሥራው እንደገና ሲወደድለት በሕይወቱ አይቷል፤ በ1965 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት፣ በፌብሩዋሪ 1966 ሞተ።

ተማሪ ነኝ፦ ከየቱ ልጀምር?

ጋሽ መብራቱ፦ ከ«ዋን ዊክ»። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን የመጣ ቤት ይገጣጥማሉ፤ ተቀናቃኝ የሳጥኖቹን ቁጥር ቀያይሮባቸዋል። ሁለት ጥቅል ብቻ ነው፣ ቡናው ቶናውን ሳይጨርስ ያልቃል።

የመርካቶ ልጅ፦ እኔ ለአያቴ አሳይቻቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም። ቤቱ ሲጣመም «ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ?» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ይሄ ልጅ ምነው ጥርሱን አያሳይ፣ ዕዳ አለበት?»

ጋሽ መብራቱ፦ አያትህን ስመህ ሳምልኝ። ከዛሬው ጠያቂ ሁሉ ፊልሙን ያዩት እሳቸው ናቸው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ያ የሚወድቅበት ፊልም ስሙ ማን ነበር?

ጋሽ መብራቱ፦ ደህና እደሩ።