ወጌሻ ጋር ከመሄድህ በፊት፦ ስለ ጉልበት ጅማት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ መሰለኝ። ኳስ ስትጫወት ዞር ስትል ጉልበትህ «ቋ» አለ፣ ማታውኑ አበጠ፣ ራጅ ተነስተህ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልክ። አሁን ወር ሊሞላህ ነው፣ ሕመሙም ጠፍቷል፣ ግን ደረጃ ስትወርድ ይከዳሃል። ወጌሻ ጋር ልሂድ ወይስ ልተወው ነው ያልከው። ሐኪም አይደለሁም፤ ያለፍኩበትን ልንገርህ።

ራጁ አላታለለህም። አጥንትን ነው የሚያሳየው፣ ጅማትን አያሳይም። ለጅማት ኤምአርአይ ነው፣ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው መሣሪያ።

እኔ የጅማ ልጅ ሆኜ ስለ ጅማት ምንም አላውቅም ነበር (ሳቁ፣ ግድ የለም)። ክረምት ነበር፣ ሜዳው ጭቃ፣ ታኬታዬ መሬቱን ነክሶ ቀረና ሰውነቴ ብቻ ዞረ። ማንም አልነካኝም። ሰፈር ውስጥ «ወለምታ ነው» ተባለ፣ አንድ ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ ሦስት ቀን አሸኝ፣ ከዚያ ጭራሽ እንደ ዱባ አበጠ። በኋላ ሲነግሩኝ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚያብጥ ጉልበት ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም ነው የቋጠረው። ያንን ነው እንግዲህ ሲያሹት የነበረው።

ሕመሙ ሲጠፋ ዳንኩ ብዬ ጅማ አጠገብ ያለውን የጅሬን ኮረብታ ወጣሁ። መውጣቱ ምንም አላለኝም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉልበቴ ውልቅ ያለ መሰለኝና ቁጭ አልኩ። «ጉልበት ከዳኝ» ሲባል ድካም ይመስለኝ ነበር፣ ለካ እንዲህም አለ።

ኋላ ያየኝ ፊዚዮቴራፒስት ነው ያስረዳኝ። ዳሌ ላይ አጥንቱ እንደ ሙቀጫ ጎድጉዶ የጭኑን አናት ይይዛል። ጉልበት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የጭን አጥንት ጫፍ ሁለት ክብ ጉብታ ነው፣ የቅልጥሙ አናት ደግሞ ጠፍጣፋ፤ ሁለት እንቁላል ሰፌድ ላይ እንደማስቀመጥ በለው። መሃል ያሉት ሁለቱ ሜኒስከሶች፣ እንደ ትራስ የተነጠፉት ልሙ አጥንቶች፣ ትንሽ ያግዛሉ፣ ግን ዋናው ያዡ ጅማት ነው፣ አራት አሉ። ሁለቱ በጎንና በጎን ናቸው። የውስጠኛው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይሰበር ይይዛል፣ ሲጎዳም ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የውጪው እንደ ገመድ ድቡልቡል ሆኖ ከቅልጥም ጎን ያለችው ቀጭን አጥንት ላይ ይታሰራል፣ ጉልበት ወደ ውጪ እንዳይሄድ። ሌሎቹ ሁለቱ እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ ተጠላልፈው ይሻገራሉ። የኋለኛው ወፍራሙ ነው፣ ቅልጥም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። የፊተኛው፣ ኳስ ተጫዋቾች ኤሲኤል የሚሉት፣ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ ሲዞርም ይገታል። የእኔ የተበጠሰው እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ደግሞ እንደ ጎኑ ጅማት በራሱ ተመልሶ አይገጥምም፣ ስለዚህ ማሸት ምንም አይጠቅመውም።

ምርመራው ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አስተኝቶኝ ጉልበቴን ትንሽ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ አጠፈው። በአንድ እጁ ጭኔን ያዘ፣ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ፊት ሳበ። ደህናው እግሬ ላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ድርቅ ብሎ ቆመ። የታመመው ግን እንደ መሳቢያ ዝም ብሎ ወጣ፣ መቆሚያ የለውም። አላመመኝምም፣ የደነገጥኩት በዚህ ነው።

አንተም ይህን ምርመራ የሚያውቅ የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋር ሂድ። እስከዚያ ኳስ የለም፣ በተከዳህ ቁጥር ሜኒስከሱ ሊቀደድ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ለሁሉም ግዴታ አይደለም። ከተሠራም ከራስህ እግር ሌላ ጅማት ተወስዶ ይተካል፣ ወደ ሜዳ ለመመለስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ነው፣ «በሦስት ወር» የሚልህን አትስማ። እኔ አልተሠራሁም። የኋላ ጭን ጡንቻ ቅልጥሙን ወደ ኋላ ስለሚስብ የተበጠሰውን ጅማት ያግዛል፣ እሱን ወራት ሙሉ አጠነከርኩት። አሁን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ኳሱን ግን ተውኩት።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ ሲከዳህ ወደ ጎን ነው የሚሄድብህ ወይስ ወደ ፊት ሸርተት የሚል ነው?